የወቅት ዝግጅት በታሪክ ሙዚየም፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የአካባቢ ታሪክ ሙዚየማችን ያለው በአሮጌ ባለ አንድ ፎቅ መኖሪያ ቤት ውስጥ ነው። በየዓመቱ በመከር ወቅት አንድ ምሽት በሩን ለሁሉም እንከፍታለን። ባለፈው ጊዜ ሕዝቡ ደረጃው ላይ ተጨናንቆ መውጣትም መውረድም አልተቻለም። ስንት ሰው እናስገባ?

መልስ፦ ስሌቱን ከጠባቡ ክፍል ይጀምሩ እንጂ ይመጣል ብለው ከሚገምቱት ሰው ብዛት አይነሡ። የእንግሊዝ የሕንፃ እሳት ደኅንነት መመሪያ ለሙዚየም ክፍል የሚይዘው ልኬት ለአንድ ሰው 5 ካሬ ሜትር ነው፤ ለአሮጌ ቤት ጥሩ መነሻ ይሆናል። የአገርዎ ደንብ ከዚህ የጠበቀ ከሆነ እሱ ይቀድማል።

ጠባቡ ክፍል 40 ካሬ ሜትር ነው እንበል፤ አንድ ቡድን 8 ሰው ይሆናል። ክፍሎቹ አራት ከሆኑና ለእያንዳንዱ 10 ደቂቃ ከሰጡ፣ በየ10 ደቂቃው አንድ ቡድን ይገባል፤ በአንድ ጊዜ ቤት ውስጥ ያለው ከ32 ሰው አይበልጥም። ዝግጅቱ 3 ሰዓት የሚቆይ ከሆነ የመጨረሻው ቡድን መግባት ያለበት ከመዝጊያው 40 ደቂቃ ቀደም ብሎ ነው። በዚህ መንገድ 15 ቡድን ወይም 120 ሰው ያስተናግዳሉ። ከዚያ በላይ ሰው ከጠበቁ ሌላ ምሽት ይጨምሩ እንጂ ቡድኑን አያሳድጉ። ሰዓት የተጻፈበት የመግቢያ ወረቀት ቢሰጡ፣ ተራውን የሚጠብቀው ሰው በር ላይ ከሚጋፋ ግቢው ውስጥ ሌላ ነገር እያየ ይቆያል።

ደረጃው አንድ ብቻ ከሆነ ከላይና ከታች አንድ አንድ ተረኛ ይቁም፤ የሚወርደው ቡድን ወርዶ ሳይጨርስ የሚወጣው መጀመር የለበትም። የባለሙያ ትርኢት፣ ሙዚቃና ጭፈራ ፎቅ ላይ አይደረግ። በግድግዳ ጥግ ተበትኖ የሚቆም ሰው ለእንጨት ወለል ብዙም አይከብድም፤ ያው ሰው መሐል ተሰብስቦ በአንድ ምት ሲረግጥ ግን ተሸካሚው አግዳሚ እንጨት ከለመደው በላይ ይጎብጣል። ወለሉ ሲረገጥ የሚወዛወዝ ከሆነ ወይም የታችኛው ክፍል ኮርኒስ ላይ አዲስ ስንጥቅ ካዩ፣ መሐንዲስ ሳያየው ፎቁን አይክፈቱ።

ጥያቄ፦ ለምሽቱ ድባብ ሻማ ብናበራስ? ቤቱ በዘመኑ የሚበራው በሻማ ነበር።

መልስ፦ ውስጥ በፍጹም አይሆንም። የእሳቱ አደጋ ግልጽ ነው፤ ጥቀርሻው ደግሞ ሥዕልና ጨርቅ ላይ ተቀምጦ ይቀራል፣ የቀለጠው ሰምም ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል። በባትሪ የሚሠሩ ሻማ መሳይ መብራቶች ይጠቀሙ፤ ከሁለት ሜትር ርቀት ልዩነታቸው አይታወቅም።

ስለ ሌላውም መብራት እናንሣ፤ ብዙ ዝግጅት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ለጨርቅ፣ ለወረቀትና ለድሮ ፎቶግራፍ የሚመከረው ብርሃን 50 ሉክስ (ዕቃው ላይ የሚያርፈው ብርሃን መለኪያ) ነው። የብርሃን ጉዳት ይደመራል እንጂ አርፎ አያገግምም። ክፍሉ ለአንድ ምሽት ለ5 ሰዓት 200 ሉክስ ቢበራበት 1000 ሉክስ-ሰዓት ይሆናል፤ ይህም በ50 ሉክስ የ20 ሰዓት ድርሻ ነው። ስለዚህ ከዝግጅቱ በኋላ ለሁለት ቀን ተኩል ያህል የጉብኝት ጊዜ ማሳያ ሳጥኑን በጥቁር ጨርቅ ሸፍነው ይካሱት። የፊልም ቀራጮች መብራት ይዘው ከመጡ ሥራቸውን ግቢ ውስጥ ያድርጉ።

ደጅ እሳት ካነደዱ ከቤቱና ከድርቆሽ ይራቅ፤ ነፋሱ ወደ ጣሪያው ከነፈሰ ደግሞ ይቅር። እሳቱ ከጠፋ በኋላ አንድ ሰው ቢያንስ ለ1 ሰዓት ይጠብቀው። ሁሉም ደክሞት ወደ ቤቱ የሚሄድበት ሰዓት ስለሆነ ተረኛው ከወዲሁ በስም ይመደብ።

ጥያቄ፦ ክፍሎቹን በነዶ፣ በደረቀ እህልና በአበባ ማስጌጥ እንፈልጋለን።

መልስ፦ ሐሳቡ ደስ ይላል፤ መከር በነዶ ካልታየ በምን ይታያል? ችግሩ ነዶው ውስጥ ነቀዝና ሌላም ነፍሳት ተደብቀው መግባታቸው ነው። የደረቀ አበባም የምንጣፍ ጥንዚዛ ይዞ ሊገባ ይችላል፤ የዚህች ጥንዚዛ እጭ ሱፍና ቆዳ ይበላል። ስለዚህ ማስጌጫው ሁሉ አስቀድሞ ይቀዝቅዝ። በወፍራም ፕላስቲክ ከረጢት አሽገው አየሩን ያስወጡ፤ ከዚያ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ለ3 ቀን ወይም ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ለ2 ሳምንት ያቆዩት። ካወጡት በኋላ ከረጢቱን ሳይከፍቱ 24 ሰዓት ይጠብቁ፤ ቶሎ ከተከፈተ የክፍሉ እርጥበት በቀዘቀዘው ነዶ ላይ ጤዛ ሆኖ ያርፋል፣ ነዶውም ይሻግታል። ትኩስ አበባና ውኃ ያለበት ማሰሮ መግቢያው ላይ ይቅሩ።

ጥያቄ፦ የቆየውን የውኃ ወፍጮ ለዕለቱ ማስነሣት ይቻላል?

መልስ፦ ለሥራ ተብሎ የተመደበና የጥገና መዝገብ ያለው ወፍጮ ከሆነ ይቻላል፤ ለዕይታ ብቻ የተመዘገበ ከሆነ ግን ቅጂ ያሠሩ። ሥራ ላይ ከዋለ፣ የዝግጅቱን ቀን የወንዙ ውኃ ልክ ይወስን። ለወራት የቆመ የእንጨት መንኮራኩር ደርቆ ስለሚኮማተር መጋጠሚያው ይላላል፤ በዚያው ቀን በሙሉ ውኃ ከተነሣ ይሰበራል። ቀደም ብሎ ለጥቂት ቀናት በትንሽ በትንሹ እየራሰ ይበጥ።

ድንጋዮቹ ባዶአቸውን አይዙሩ። በመሐላቸው እህል ከሌለ እርስ በርስ ይፋጫሉ፣ ጥርሳቸው ይደንዛል፣ ብልጭታም ይወጣል፤ የዱቄት አቧራ ባለበት ክፍል ብልጭታ እሳት ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ሥራው የእህል ማፍሰሻውን ማየት ብቻ ይሁን፤ እህሉ ሊያልቅ ሲል መንኮራኩሩን ያስቁም። ጎብኚ ከጥርሳማው መንኮራኩር ክንዱን ዘርግቶ የማይደርስበት ርቀት ላይ በአጥር ይከለል። ማብራሪያውንም ወፍጮው ከመነሣቱ በፊት ይጨርሱ፤ ከተነሣ በኋላ ድምፅዎ አይሰማም።

ጥያቄ፦ በዝግጅቱ ቀን ዝናብ ጣለና ሁሉም ሰው ወደ ውስጥ ገባ። ለሚቀጥለው ምን እናድርግ?

መልስ፦ ደጅ ድንኳን ይተከል፤ እርጥብ ካፖርትና ዣንጥላም እዚያው ይቅር። ዝም ብሎ የቆመ አንድ ሰው በሰዓት ወደ 50 ግራም የሚጠጋ ውኃ በትንፋሹና በላቡ ያወጣል፤ 40 ሰው በ2 ሰዓት 4 ሊትር ያህል ማለት ነው፣ የልብሱ ሳይቆጠር። የእርጥበት መለኪያውን በየግማሽ ሰዓቱ እያነበቡ ይጻፉ። ከመነሻው 10 የመቶኛ ነጥብ ከጨመረ የሚገባውን ቡድን ለጊዜው ያቁሙ። ለማድረቅ ብለው ማሞቂያ አይለኩሱ፤ አየሩ በድንገት ሲደርቅ የድሮ ሣጥንና ሥዕል የተሣለበት እንጨት ይሰነጠቃል። ደጁ እየዘነበ መስኮት መክፈትም እርጥበቱን ሊጨምር ይችላል። ሰው ከወጣ በኋላ የውስጥ በሮችን ከፍተው ቤቱ ቀስ ብሎ ወደ ልኩ እስኪመለስ ይተዉት፤ በማግሥቱም ጠዋት ከግድግዳው ጋር የተጠጉ ዕቃዎችን ጀርባ በእጅ ባትሪ ይመልከቱ።