የተጣራውን ብቻ አትዩ

ልጆች፣ እኔ የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት ደመወዝ ክፍል ውስጥ ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤትም በግል ድርጅትም። ደመወዙን የሚቀበል ወጣት ወረቀቱ ላይ መጀመሪያ የሚፈልገው መጨረሻ ያለውን «የተጣራ ተከፋይ» የሚለውን ቁጥር ነው። አይቶ፣ አጥፎ፣ ኪሱ ይከተዋል። የምለምናችሁ ከእሱ በፊት ያሉትን ሁለት ቁጥሮች እንድታዩ ነው፤ መደበኛ ደመወዝና ጡረታ። ስለ ዶላር፣ ስለ መሬት፣ ስለ ክሪፕቶ የሚነግራችሁ ሰው ሞልቷል። ስለዚህኛው ግን ብዙ ሰው አያወራም።

ከመደበኛ ደመወዛችሁ፣ ማለትም አበል ሳይጨመርበት ካለው፣ ለጡረታ 7 በመቶ ይቆረጣል። አሠሪው ከራሱ 11 በመቶ ይጨምርበታል። ከ2003 ዓ.ም. አዋጅ ወዲህ የግል ድርጅት ሠራተኛውም እንደ መንግሥት ሠራተኛው በጡረታ ተካቷል። ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎ 60 ዓመት የሞላው ሰው ዕድሜ ልኩን የወር የጡረታ አበል ያገኛል። ከዚያ በታች ያገለገለ አንድ ጊዜ የሚከፈል ገንዘብ እንጂ የወር አበል የለውም። ስሌቱ ከባድ አይደለም። ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ ነው፤ ከዚያ በላይ ለሆነው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። 30 ዓመት የሠራ ሰው እንግዲህ 55 በመቶ ይደርሰዋል።

የምን 55 በመቶ? ነገሩ ያለው እዚህ ጋ ነው። የመደበኛ ደመወዝ።

ብዙ ቀጣሪ «20 ሺህ እንከፍልሃለን» ይልና ውሉ ላይ 10 ሺውን ደመወዝ፣ ቀሪውን 10 ሺህ የትራንስፖርት፣ የቤትና የኃላፊነት አበል አድርጎ ይጽፈዋል። ወጣቱ ደስ ይለዋል፣ የሚቆረጠው ያንሳላ! ግን ቁጭ ብላችሁ አስሉት። በዚህ አጻጻፍ ለጡረታ በየወሩ የሚገባላችሁ 1,800 ብር ነው። 20 ሺው በሙሉ ደመወዝ ተብሎ ቢጻፍ 3,600 ይሆን ነበር፤ ከዚህ ውስጥ 2,200ው ከአሠሪው ኪስ የሚወጣ ነው። ከ30 ዓመት በኋላ በዚያው ደመወዝ ብትወጡ አንደኛው 5,500፣ ሌላኛው 11,000 ብር የወር አበል ያገኛል። የሥራ ስንብት ክፍያም የሚሰላው በደመወዝ እንጂ እንደ ትራንስፖርት ባለው አበል አይደለም። ስለዚህ ስትቀጠሩም ሆነ ጭማሪ ስትጠይቁ «ጭማሪው መደበኛ ደመወዝ ላይ ይሁንልኝ» በሉ። አንዳንዱ ቀጣሪ እንቢ ይላል። መጠየቃችሁ ግን መብታችሁ ነው።

ሌላው ወረቀት ነው። አንድ ሾፌር አስታውሳለሁ፣ ጡረታ ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው አንድ ፌስታል ይዞ ቢሮዬ መጣ። ውስጡ የቅጥር ውል፣ ማኅተሙ የደበዘዘ የሥራ ልምድ ደብዳቤ፣ በላስቲክ የታሰረ የደመወዝ ወረቀት ነበር። ቀድሞ የሠራበት ድርጅት ጡረታ እየቆረጠበት ገቢ ሳያደርግለት ቆይቶ ተዘግቷል። ሰውየው የሚከራከርበት ነገር ያገኘው ያንን ወረቀት በማስቀመጡ ብቻ ነው። እናንተ ስልክ አላችሁ፣ በየወሩ ፎቶ አንሱት። የጡረታ መለያ ቁጥራችሁን እወቁ። ሥራ ስትለቁ የአገልግሎት ማስረጃችሁን ሳትይዙ አትውጡ። ስታገቡና ስትወልዱም ማኅደራችሁ ላይ አስመዝግቡ፤ ባለመብቱ ቢሞት የትዳር ጓደኛው የጡረታ አበሉን 50 በመቶ ታገኛለች ወይም ያገኛል፣ ግን ማስረጃ ይጠየቃል።

ጡረታ ብቻውን ይበቃል እያልኩ አይደለም። አይበቃም። ብር ምን ያህል ቶሎ አቅም እንደሚያጣ ራሳችሁ አይታችኋል፤ ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። የባንክ ቁጠባ ዝቅተኛ ወለድ ደግሞ 7 በመቶ ነው። እንደኔ እንደኔ ባንክ ውስጥ መቀመጥ ያለበት የሦስት ወር፣ ቢቻል የስድስት ወር ወጪ ነው፤ ለሕመምና ከሥራ ለመፈናቀል። ከዚያ የተረፈውን ወደ ንብረት ለውጡት።

እቁብ ጥሩ ነው፣ እኔም ብዙ ነገር ያደረግሁት በእቁብ ነው። ረጅም ዙር ያለው እቁብ ውስጥ ግን አትግቡ፤ ዕጣው መጨረሻ ላይ ከወጣላችሁ መጀመሪያ ያሰባችሁትን ዕቃ አይገዛም። አክሲዮንም ድሮ ትልቅ ገንዘብ ላለው ብቻ ይመስለን ነበር። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ሲሸጥ አንዱ አክሲዮን 300 ብር፣ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን ነበር፣ 9,900 ብር ማለት ነው፤ ግዢውም በቴሌብር። በዚያው ዓመት ጥር ላይ አክሲዮን የሚሸጥበትና የሚገዛበት የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያ ሥራ ጀምሯል። የምትገዙትን ድርጅት ሒሳብ ሳታነቡ ግን አንዲት ብር አትክፈሉ፤ «ዘንድሮ ትርፉ ጉድ ነው» ብሎ የነገራችሁ የአጎት ልጅ ቢሆንም እንኳ።

አንድ የቀረኝ የዋስትና ጉዳይ ነው። ብዙ ቤት ሲናጋ ያየሁት በዚህ ነው። የሥራ ባልደረባ ይመጣና «ፊርማ ብቻ ናት» ይላል። ፊርማ ብቻ አይደለችም። ተበዳሪው ካልከፈለ የፍርድ ቤት ትእዛዝ እኔ ጠረጴዛ ላይ ይደርስ ነበር፣ እኔም የዋሱን ደመወዝ እስከ ሲሶ ድረስ እቆርጥ ነበር፣ ያውም ልጆቹን በስም እያወቅሁ። የሚወዱትን ሰው እንቢ ማለት ይከብዳል፣ ይገባኛል። ዋስ ከመሆናችሁ በፊት ዕዳው ስንት እንደሆነ፣ በስንት ጊዜ እንደሚከፈል ጠይቁ፤ ከትዳር ጓደኛችሁ ጋር ተነጋገሩበት። ዕዳው በሙሉ ወደ እናንተ ቢዞር መክፈል የማትችሉት ከሆነ፣ የምትችሏትን ያህል ስጡትና ፊርማውን ተዉት።