ቼኩ የገባ ቀን ተጠንቀቁ

ስታርታፕ ለጀመራችሁና ልትጀምሩ ለምታስቡ ልጆች፣

ሙያዬ ሒሳብ ነው። ረጅም ዘመን የነጋዴ መዝገብ ስይዝ ኖሬአለሁ። አሁን አሁን አብዛኞቹ ደንበኞቼ ላፕቶፕ አንግበው የሚመጡ ወጣቶች ናቸው። እኔ የማውቃችሁ መድረክ ላይ ቆማችሁ አይደለም፤ ወር ሲያልቅ ነው። ደመወዝ መክፈያው ሲደርስ የምትደውሉት ለእኔ ነው። ስለዚህ ስሜታችሁን ከድምፃችሁም፣ ከባንክ ስቴትመንታችሁም አነበዋለሁ።

ስለ ክፉ ቀን ብዙ መካሪ አላችሁ። እኔን የሚያሰጋኝ ደስታችሁ ነው።

ድርጅት የሚያንገዳግደው ወጪ ብዙ ጊዜ በክፉ ቀን የተፈረመ አይደለም። በክፉ ቀንማ ሰው እጁን ይሰበስባል። ከባዱ ፊርማ የሚፈረመው ቼኩ የገባ ቀን ነው።

አንድ ልጅ ነበር፤ ስሙን ልተወው። ውድድር አሸነፈ። ያን ትልቁን የካርቶን ቼክ ይዞ ፎቶ ተነሣ። ገንዘቡ በገባ በሳምንቱ ቦሌ መንገድ ላይ ቢሮ ተከራየ፣ የስድስት ወር ቅድሚያ ከፍሎ። አምስት ሰው ቀጠረ። የቆዳ ወንበር ገዛ፤ ደረሰኙን የመዘገብኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ትልቁ ደንበኛው «በዚህ ሳምንት ይለቀቃል» እያለ ክረምቱን ሙሉ ሳይከፍለው ቀረ። መስከረም ላይ ልጁ እኔ ጋ መጣ። ፔሮሉን፣ ማለትም የደመወዝ መክፈያ ዝርዝሩን፣ ዝም ብሎ ሲያይ ቆየና «እኔ ለዚህ ሥራ አልተፈጠርኩም» አለኝ። ሥራው እኮ ደህና ነበር! ምርቱ ይሸጣል። የጎዳው የሰኔው ደስታ ነው።

ስለዚህ የምስራች በመጣ በሁለት ሳምንት ውስጥ የሚያስር ውል አትፈርሙ። ኪራይም፣ ቅጥርም፣ መኪናም ይቆይ። ክትፎ ብሉ፣ እናታችሁን ጋብዙ። በክትፎ የከሰረ ድርጅት እስካሁን አላየሁም።

ሁለቱ ሳምንት እስኪያልፍ ደግሞ ወረቀት አውጡና ቁጠሩ። አንድም ብር ሳይገባ ስንት ወር ደመወዝ መክፈል ትችላላችሁ? ስትቆጥሩ ሠራተኛው እጅ የሚደርሰውን ብቻ አትያዙ። የደመወዝ ግብር አለ። ጡረታ አለ፤ 7 በመቶው ከሠራተኛው ይቆረጣል፣ 11 በመቶው ከእናንተ ይወጣል። ከደንበኛ የሰበሰባችሁት 15 በመቶ ቫት ደግሞ አካውንታችሁ ውስጥ ስለተኛ የእናንተ ይመስላል። የመንግሥት ነው። ስቴትመንቱን አይቶ የፈነጠዘ ስንቱ ልጅ ይህን ስቀንስለት ፊቱ ሲለዋወጥ አይቻለሁ። ቢከፋውም ያ ልክ የሆነው ፊቱ ነው።

መከፋቱንም ቢሆን በልኩ ያዙት። ብዙው የእናንተ ጥፋት አይደለም። ሰኔ 2012 መጨረሻ ላይ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ሲዘጋ፣ በኦንላይን ትእዛዝ የሚኖር ሥራ ሁሉ ቀጥ አለ። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የሰርቨር ኪራይ በዶላር የሚከፍሉ ልጆች ያኔ «የቱ ጋ ነው የተሳሳትነው?» ሲሉኝ ነበር። የትም አልተሳሳቱም።

ግን ይህን ከተቀበላችሁ ሌላውንም ተቀበሉ። ቴሌብር ግንቦት 2013 ከመጣ በኋላ ሰው በስልኩ መክፈል እየለመደ ሄደ። ሽያጩ ከፍ ሲል «አሁን ገባን» ያሉኝ ነበሩ። ገበያው ነው የተከፈተላቸው። ማስታወሻ ያዙ፦ ይህ በእኛ ሥራ የመጣ፣ ይህ በጊዜው የመጣ። ሁለቱን የለየ ሰው ሲያገኝ ብዙ አያብጥም፣ ሲያጣም ራሱን አይሰድብም።

ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ስለምታዩት ስኬት ብዙ አልልም። የታክሲ መጥሪያው የራይድ መሥራች ሳምራዊት ፍቅሩ ታክሲ መጥራትን የጀመረችው በስልክ የጽሑፍ መልእክት ነው፤ አፑ በኋላ ነው የመጣው። የዛሬውን አይታችሁ አትቅኑ፣ የዚያን ጊዜውን አጥኑ።

ለቤተሰብም ቁጥሩን ንገሩ። «ደህና ሥራ አትይዝም ወይ?» የምትል እናት «እየሞከርን ነው» በሚል መልስ እንቅልፍ አይወስዳትም። «የአራት ወር ስንቅ አለን፣ ካልሆነ ጥር ላይ እወስናለሁ» በሏት። እሷም ታርፋለች፣ እናንተም ቀን ቆረጣችሁ።

መዝጋት ካለባችሁም ዝጉ። ግን በወጉ። ንግድ ፈቃዱን መልሱ፣ ከገቢዎች ክሊራንስ፣ ማለትም የግብር ዕዳ እንደሌለባችሁ የሚያሳይ ወረቀት፣ ውሰዱ። ቁልፉን አስረክቦ የተሰወረ ልጅ አውቃለሁ። ከዓመታት በኋላ አዲስ ፈቃድ ሊያወጣ ሲሄድ፣ ሞተ ያለው ድርጅት በስሙ ቅጣት ሲያጠራቅም ቆይቶ ጠበቀው። ሐዘን ሳይወጣላችሁ መሥሪያ ቤት ለመሥሪያ ቤት መንከራተት ያስጠላል፣ ይገባኛል። ብቻችሁን አትሂዱ፤ ጓደኛ አስከትሉ። እኔ ጋ የምትመጡ ከሆነ ደግሞ እባካችሁ ደረሰኙን በፌስታል አጭቃችሁ ሳይሆን በየወሩ ለይታችሁ አምጡልኝ።