ባትሪ ቤት ለሚሠራው ባለቤትሽ፦ ወተት አይበቃም

እህቴ፣ ባለቤትሽ ኮምቦልቻ አሮጌ ባትሪ እየፈታ እርሳስ ማቅለጥ ከጀመረ ሦስት ዓመቱ፣ ሆዱን ይቆርጠዋል፣ ይደክመዋል፤ «ወተት መርዙን ያጥባል ይሉናል፣ እውነት ነው?» ብለሻል። አብሽሪ፣ ግን ወተት አያጥበውም። ባዶ ሆድ እርሳስን ይበልጥ ስለሚመጥ በልቶ መግባቱ ይረዳዋል፤ ከዚያ አያልፍም።

ቁርጠቱ ከሆድ ድርቀትና ከደም ማነስ ጋር ከሆነ እርሳስ ያስጠረጥራል። እኔ ደሴ ጋራዥ ስሠራ አብሮኝ የነበረ ልጅ ለወራት የጨጓራ መድኃኒት ሲውጥ ከረመ፤ በኋላ መፍቻ ሲያነሳ እጁ ከአንጓው ዝልፍልፍ ማለት ጀመረ። ነርቭ ሲነካ እንዲህ ነው። ስለዚህ ሐኪም ዘንድ ሲቀርብ ሥራውን ይናገር፤ በደሙ ያለው የእርሳስ መጠን እንዲለካለትም ይጠይቅ። ደም ውስጥ ያለው በወር ገደማ በግማሽ ይቀንሳል፣ አጥንት የገባው ግን ለዓመታት ይቀመጣል። ዋናው ሕክምና ከምንጩ መራቅ ነው።

እኔን የሚያስጨንቀኝ የልጆቹ ነገር ነው። ቱታውን ለብሶ ቤት አይግባ፣ ሳይታጠብ አይቀፋቸው፤ ልብሱን ለብቻ እጠቢ። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን አይታወቅም ይላል። ነፍሰ ጡር ከሆንሽ አንቺም አብረሽ ተመርመሪ።