ዘላለም ምኑን ዘለለ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው እስራኤል፣ ሐይፋ ነው። አያቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ “ዘላለም ማለት ዓለምን የዘለለ ማለት ነው” ይሉን ነበር። ሰሞኑን ልጄ የዕብራይስጥ የቤት ሥራዋን ስትሠራ “ለዖላም” የሚል ቃል አገኘችና “እማዬ፣ ይሄ የኛው ዘላለም አይደል እንዴ?” አለችኝ። መልስ አጣሁ። ማንኛቸው ናቸው ልክ?

መልስ፦ ልጅዎ! የአያትዎ አፈታት ያምራል፣ ቅኔ ቢሆን እሰየው ነበር፤ ግን ዘላለም ውስጥ “ዘለለ” የለም። ቃሉ ግዕዝ ነው። ሲፈታ ዘ፣ ለ፣ ዓለም ይወጣዋል። “ዘ” የእኛው “የ” ነው፣ ወንጌል ዘማቴዎስ ሲባል የምንሰማው። “ዘወትር” ላይ ያለውም እሱው ነው (“ዘመን” ላይ ግን የለም፣ እንዳይሸወዱ)። ዘለዓለም አጥሮ ዘላለም የሆነው ደግሞ “ለአንተ” “ላንተ” በሆነበት መንገድ ነው። ሁለቱንም አጻጻፍ ያገኟቸዋል፤ እኔ አጭሩን እመርጣለሁ።

የሚያስቀኝ “ለዘላለም” የምንለው ነገር ነው። አንድ “ለ” ሆዱ ውስጥ ተቀምጦ እያለ ረስተነው ሌላ “ለ” ከፊት እንቀጥልበታለን። ግዕዙ “ለዓለም” ብሎ ይገላገላል።

ግን ዓለም፣ ይሄ የምንኖርበት ዓለም፣ እንዴት ጊዜ ሆነ? እዚህ ጋ ነው የልጅዎ የቤት ሥራ የሚያግዘን። በግዕዝ “ዓለም” ሁለቱንም ነው፣ ዓለሙንም ዘመኑንም። ዘመዱ የዕብራይስጡ “ዖላም” በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ በአብዛኛው ጊዜን ነው የሚለው፤ ጥንት የሆነውን፣ ወይም ማለቂያው የማይታየውን። “ዓለም” ወደሚለው የዞረው በኋላ ነው። በዐረብኛ ግን ቃሉ ዓለም ብቻ ሆኖ ቀረ፣ “ረቢል ዓለሚን” (የዓለማት ጌታ) ላይ እንዳለው፤ ለዘላለም ለማለት “አበድ” የሚባል ሌላ ቃል አላቸው። አማርኛ ደግሞ ደስታም አደረገው፣ “ዓለሙን ይቀጫል” እንላለን አይደል።

ልጅዎን ዳዊት ያሳዩአት። በግዕዙ 135ኛው፣ በዕብራይስጡ 136ኛው መዝሙር ላይ አንድ ሐረግ ይመላለሳል፤ ዕብራይስጡ ላይ 26 ጊዜ። ግዕዙ “እስመ ለዓለም ምሕረቱ” ይላል፣ ዕብራይስጡ “ኪ ለዖላም ሐስዶ”። መሐል ያለውን ቃል ብቻ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታንብበው።

አንድ ነገር ግን፣ ቃሉ ሁሌ ማለቂያ የለሽ አይደለም። እናት “ዘላለምህን ስታረፍድ ልትኖር ነው!” ስትል የልጇን ዕድሜ ማለቷ ነው። ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 21 ላይ፣ ነጻ መውጣት ያልፈለገ ባሪያ ጆሮው በወስፌ ይበሳና ጌታውን ለዘላለም ያገልግል ይላል። የአይሁድ ሊቃውንት ይሄን “ለዖላም” ሲተረጉሙት ግን “እስከ ኢዮቤልዩ ነው” አሉ፤ 50ኛው ዓመት ሲደርስ ባሪያው የተበሳ ጆሮውን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል።