የባህርይ ሳይንስን በራስ ፍጥነት መማር፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ሦስቱም ጥያቄዎች ከወሎ የተላኩ ሲሆኑ፣ ተማሪው በራሱ ፍጥነት ጥያቄ እየመለሰ የሚሄድባቸውን የባህርይ ሳይንስ (ባህርይ ተከትሎት በሚመጣው ውጤት ሳቢያ እንዴት እንደሚጨምርና እንደሚቀንስ የሚያጠናው ዘርፍ) ትምህርቶች ይመለከታሉ። የመጀመሪያው ሰፋ ያለ ምላሽ ስለሚያሻው አብዛኛውን ቦታ ሰጥተነዋል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ከሐይቅ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአምስተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። አንድ ተማሪ አለኝ፤ ሰሌዳው ላይ መልመጃ መጻፍ ስጀምር አጠገቡ ያሉትን ይጎነትላል፣ ያሾፋል፣ ክፍሉን ያስቃል። በተደጋጋሚ ከክፍል አስወጥቼዋለሁ፤ እየባሰበት ሄደ እንጂ አልተሻለውም። ስለ ባህርይ ሳይንስ በስልክ የሚሰጥ ትምህርት እንዳለ ሰምቼ ጀመርኩ። የመጀመሪያዎቹን ክፍሎች በጉጉት ጨረስኩ፤ ከዚያ ዛሬ ነገ ስል ተውኩት። ጥያቄዎቹም በጣም ቀላል፣ አንዳንዴም የሕፃን መሰሉኝ። እንዲህ ያለው ትምህርት በእርግጥ ያስተምራል? እንዴትስ ልዝለቀው?
መምህርት፣ ከሐይቅ

መልስ፦ እህታችን፣ ከተማሪዎ እንጀምር፤ ትምህርቱ እንዴት እንደሚያስተምር ለማሳየት ከእሱ የተሻለ ምሳሌ አላገኘንምና። በሚገባ የተዘጋጀ የዚህ ዓይነት ትምህርት ብዙ ማብራሪያ ከመደርደር ይልቅ አንድ አጭር ሐሳብ ሰጥቶ ባዶውን ቦታ ያስሞላል፣ መልሱን ወዲያው ያሳያል፣ ከዚያም ወደሚቀጥለው ያሻግራል። የእርስዎን ክፍል ብናስገባበት ይህን ይመስላል፦

«ልጁ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ሲረብሽ መምህሯ ከክፍል ታስወጣዋለች። ውጭ ሳለ መልመጃውን መሥራት ........።» (ይቀርለታል)
«ከዚያ ወዲህ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ረብሻው ........።» (ጨመረ)
«ተከትሎት በሚመጣው ነገር ምክንያት የጨመረ ባህርይ ተጠናከረ ይባላል። እንግዲህ ከክፍል መውጣቱ ረብሻውን ........።» (አጠናከረው)
«መምህሯ ቅጣት ይሆናል ብላ ያሰበችው ነገር ለዚህ ልጅ ቅጣት ........።» (አልሆነም)

ጥያቄዎቹ አንድ በአንድ ሲታዩ የሕፃን መምሰላቸው ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። ተማሪው እምብዛም ሳይሳሳት እንዲራመድ ሲባል እርምጃው እንዲያጥር ተደርጓል። ሆኖም አራተኛው ላይ ሲደርሱ ለረጅም ዘመን ያስተማሩ ሰዎች እንኳ የሚስቱትን ነጥብ ማንም ሳይነግርዎ በራስዎ መልስ ደርሰውበታል፤ አንድ ነገር ቅጣት ወይም ሽልማት መሆኑ የሚታወቀው በሰጪው ሐሳብ ሳይሆን ባህርዩ ከዚያ በኋላ በመጨመሩ ወይም በመቀነሱ ነው። የማይፈለግ ነገርን ስላስቀረ የሚጨምር ባህርይ በአሉታዊ ማጠናከሪያ ተጠናከረ ይባላል፤ ብዙ ጀማሪዎች ይህን ከቅጣት ጋር ያምታቱታል።

ይህ ማለት ግን ልጁ ከመልመጃው እየሸሸ ነው ብሎ ወዲያው መደምደም ይገባል ማለት አይደለም፤ የሚፈልገው የጓደኞቹን ሳቅ ሊሆንም ይችላል። መለያው መቁጠር ነው። ደብተርዎ ጫፍ ላይ በእያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ የረበሸበትን ብዛት በጭረት ይመዝግቡ፤ ሌሎች መምህራንም እንዲያግዙዎት ይጠይቁ። ረብሻው መልመጃ ሲሰጥ ብቻ የሚመጣ ከሆነ ሽሽት ነው፤ ተመልካች ባለበት ክፍለ ጊዜ ሁሉ የሚመጣ ከሆነ ሳቁ ነው የሚስበው። ሽሽት ከሆነ ከሚችላቸው ጥያቄዎች ጀምሩለት፣ ሲከብደው እጁን አውጥቶ እርዳታ እንዲጠይቅ አስተምሩት፣ ሲጠይቅም ፈጥነው ይድረሱለት፤ ረብሻ ግን ከመልመጃው አያስመልጠው። ይህን በጀመሩ ሰሞን ረብሻው ከመቀነሱ በፊት ለጥቂት ጊዜ ሊብስ እንደሚችል ከወዲሁ ይወቁ። ብዙ መምህራን «ይኸው አልሠራም» ብለው የሚተዉት ልክ እዚህ ጋ ነው፤ ያን ጊዜ መተው ደግሞ ልጁን የባሰ መረበሽ እንደሚያዋጣ ያስተምረዋል።

«በእርግጥ ያስተምራል?» ላሉት፣ ዘዴው የተወለደው ከራሱ ከሳይንሱ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ቢ. ኤፍ. ስኪነር እ.ኤ.አ. በ1953 የሴት ልጁን የሒሳብ ክፍል ሊጎበኝ ሄዶ ሁለት ነገር ታዘበ፤ ተማሪዎቹ የሠሩት ትክክል ይሁን ስህተት ወዲያው አያውቁም፣ ፈጣኑም ዘገምተኛውም እኩል እንዲራመዱ ይገደዳሉ። በእርግብና በአይጥ ላይ ካደረገው ምርምር፣ ውጤት ከድርጊቱ በዘገየ መጠን ትምህርቱ እንደሚዳከም ያውቅ ስለነበር፣ ጥያቄ እያቀረበ መልሱን ወዲያው የሚያሳይ መሣሪያ ሠርቶ በ1954 አሳየ። በ1961 ደግሞ ከጄምስ ሆላንድ ጋር ሆኖ የባህርይ ትንተናን፣ ማለትም ይህንኑ ሳይንስ፣ በዚሁ ባዶ ቦታ የማስሞላት ዘዴ የሚያስተምር መጽሐፍ አሳተመ። በስልክዎ የጀመሩት ትምህርት የዚያ ተከታይ ነው። ሌላው የዘርፉ ሰው ፍሬድ ኬለር በ1960ዎቹ ከባልደረቦቹ ጋር ለብራዚሊያ ዩኒቨርሲቲ በነደፈው ሥርዓት ተማሪው በራሱ ፍጥነት ይሄዳል፣ አንዱን ክፍል በሚገባ ሳያውቅ ወደ ሌላው አያልፍም፣ ቀድመው የጨረሱትም የኋለኞቹን መልስ ያርማሉ።

ይህን ያነበበ የወሎ ሰው ፈገግ ቢል አንፈርድበትም። የኔታ ዘንድ የተቀመጠ ልጅ ንባቡን ሳያጠራ ወደ ዳዊት አይሻገርም፤ ደረሳውም ሉሑ ላይ የጻፈውን ለሸኹ በቃሉ ሳያሰማ አጥቦ ሌላ አይጽፍም፤ በሁለቱም ቤት ቀደም ያለው ኋለኛውን ያስቀጽላል። የሚለየው አለንጋው ነው፤ በኬለር ዘዴ ፈተና የወደቀ ተማሪ ያለ አንዳች ቅጣት ተመልሶ አጥንቶ ደግሞ ይፈተናል።

እ.ኤ.አ. በ1979 ኩሊክና ባልደረቦቹ በኬለር ዘዴ ላይ የተደረጉ ብዙ ጥናቶችን አሰባስበው ሲመረምሩ፣ ተማሪዎቹ በተለመደው ሌክቸር ከተማሩት የተሻለ የፈተና ውጤት እንዳገኙ አሳይተዋል። ሮዲገርና ካርፒክ በ2006 ያሳተሙት ጥናት ደግሞ አንድን ጽሑፍ ደጋግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከደቂቃዎች በኋላ ሲጠየቁ ብልጫ ቢኖራቸውም፣ ከሳምንት በኋላ ግን አንብበው ራሳቸውን የፈተኑት በብዙ እንደሚበልጧቸው አመልክቷል። በእኛ አስተያየት አንድን ትምህርት ለመምረጥ ዋናው መስፈርት ይኸው ነው፤ ቪዲዮ አሳይቶ «ገብቶዎታል?» ብሎ ብቻ የሚያሳልፍዎትን ይተዉት፣ መልሱን ከራስዎ አውጥተው እንዲጽፉ የሚያስገድድዎትን ይያዙ። እንግሊዝኛው ከከበደዎት ወይም ኔትወርክ ካስቸገረዎት፣ የተማሩትን በትናንሽ ወረቀት ላይ ከፊት ጥያቄ ከኋላ መልስ እያደረጉ በአማርኛ ይጻፉት፤ ምሳሌውን ከራስዎ ክፍል ቢያወጡት ደግሞ ይበልጥ ይቆይልዎታል።

አሁን ወደ ዛሬ ነገው እንምጣ። በራስ ፍጥነት የሚሰጥ ትምህርት ትልቁ ደካማ ጎን ይህ መሆኑ ከኬለር ዘመን ጀምሮ የታወቀ ነው፤ ብዙ ተማሪዎች ያዘገያሉ፣ ከዚያም ያቋርጣሉ። ስለዚህ ራስዎን ሰነፍ አይበሉ። ትምህርቱን በመዝለቅ የሚገኘው ጥቅም ሩቅ ነው፤ ስልኩን ዘግቶ ከድካም ማረፍ ግን አሁኑኑ የሚገኝ ነው፤ ባህርይ ደግሞ ወደሚቀርበው ውጤት ያደላል። መፍትሔው ውጤቱን ማቅረብ ነው። ስኪነር ራሱ የጠረጴዛውን መብራት ሲያበራ የሚቆጥር ሰዓት አዘጋጅቶ ሲጽፍ የቆየበትን ጊዜ በግራፍ ላይ ያሰፍር ነበር። እርስዎም ግድግዳ ላይ ወረቀት ለጥፈው ለጨረሱት ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ ነጥብ ያኑሩ፤ የጥናቱን ሰዓት ከማይቀር ነገር ጋር፣ ለምሳሌ ከትምህርት ቤት ተመልሰው ከሚያፈሉት ቡና ጋር ያያይዙት፤ ከተቻለ ደግሞ አንድ የሥራ ባልደረባዎ በየሳምንቱ አርብ በመምህራን ክፍል እንዲጠይቅዎት ያድርጉ። ከሁሉም ይልቅ የምንተማመነው በዚህ በመጨረሻው ነው። ሲያቋርጡ የረሱትን ለመመለስም ካቆሙበት ሳይሆን ከዚያ በፊት ካለው ክፍል ጥያቄዎች ይነሱ።

ጥያቄ፦ አሰላሙ አለይኩም። እኔም እንዲህ ያለ ትምህርት ጀምሬ ነበር፤ ነገሩ ሁሉ እርግብና አይጥ ሆነብኝ። እኔ የምፈልገው ልጄ ቁጭ ብሎ እንዲያነብ ነው። ላነበበው ለእያንዳንዱ ገጽ ብር እሰጠው ነበር፤ አሁን ያለ ብር መጽሐፍ አይነካም። የእንስሳቱን ክፍል ዘልዬ ስለ ልጆች ወደሚያወራው ብሄድ ምን ይመስላችኋል?
አንድ አባት፣ ከደሴ

መልስ፦ ወአለይኩም ሰላም። አይዝለሉት፤ የእርስዎ ችግር የተጻፈው እዚያው እርግቧ ዘንድ ነው። ፈርስተርና ስኪነር እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተሙት ሰፊ ሥራ እንደሚታየው፣ ማጠናከሪያው በስንት በስንት ጊዜ እንደሚመጣ የባህርዩን ጽናት ይወስነዋል። በእያንዳንዱ ድርጊት ላይ የተከፈለበት ባህርይ ክፍያው ሲቆም ቶሎ ይቆማል፤ ክፍያው ቀስ በቀስ እየተራራቀ የሄደበት ግን ረጅም ጊዜ ይዘልቃል። እርስዎ ለእያንዳንዱ ገጽ ከፍለዋል፤ ስለዚህ በአንድ ቀን ቢያቋርጡት ንባቡም አብሮ ቢቋረጥ አይግረምዎት። ከገጽ ወደ ምዕራፍ፣ ከምዕራፍ ወደ መጽሐፍ እያራቁ፣ በመካከሉ የብሩን ቦታ ሌላ ነገር እንዲወስደው ያድርጉ፤ መጽሐፉን ራሱ ይምረጥ፣ ማታ ለአያቱ ጮክ ብሎ ያንብብ፣ እርስዎም ስላነበበው ታሪክ ይጠይቁት። አንድ ጥንቃቄ እንጨምር፦ ሌፐርና ባልደረቦቹ በ1973 ባሳተሙት ጥናት፣ መሳል የሚወዱ ሕፃናት «ብትስሉ ሽልማት ታገኛላችሁ» ተብለው ከተሸለሙ በኋላ በራሳቸው ፈቃድ የሚስሉበት ጊዜ ቀንሶ ተገኝቷል። ልጅዎ ቀድሞ ያለ ብር ያነብ ከነበረ ብሩ መጀመሪያውኑ አያስፈልግም ነበር፤ ማንበብ ከብዶት ይሸሽ ከነበረ ግን ለመነሻ ያህል መሸለሙ ነውር የለበትም።

ጥያቄ፦ ትምህርቱን ስጨርስ የምስክር ወረቀት አገኛለሁ። በእሱ ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች ጋር በባለሙያነት መሥራት እችላለሁ?
ተማሪ፣ ከወልዲያ

መልስ፦ አይችሉም። ሙያው ፈቃድ በሚጠየቅበት አገር የባህርይ ተንታኝ ለመሆን የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት፣ በባለሙያ ክትትል የሚሠራ የተግባር ልምምድና ፈተና ያስፈልጋል። በስልክ የሚሰጠው ትምህርት ጽንሰ ሐሳቡን በትክክል ለይቶ ማወቅን ያስተምራል፤ ልጁ ፊት ቆሞ ምን መደረግ እንዳለበት መወሰን ግን ሌላ ነው። ለምሳሌ ራሱን የሚመታ ልጅ ላይ ትኩረት መንፈግ፣ ለሐይቋ መምህርት እንደገለጽነው፣ ባህርዩን ለጊዜው ሊያባብሰው ይችላልና ያለ ባለሙያ የሚሞከር አይደለም። በልዩ ፍላጎት ወይም በሥነ ልቦና ትምህርት ለመቀጠል ካሰቡ ግን አሁን የሚማሩት ጥሩ መሠረት ይሆንዎታል።