የ24 ሰዓት መኪና ሲሸጥ ምኑ ነው የሚሸጠው?

ጥያቄ፦ የድሮ የእሽቅድምድም መኪና ነገር አይሆንልኝም፣ እወዳለሁ። ሰሞኑን በ1960ዎቹ ሌማን በሚባለው የ24 ሰዓት ውድድር ላይ የሮጠ መኪና ለሽያጭ ቀርቦ አየሁ። ማስታወቂያው «የሻንሲ ቁጥሩ የራሱ ነው፣ ቦዲው እንደገና ተሠርቷል፣ ሞተሩ በዘመኑ በነበረ ተመሳሳይ ሞተር ተተክቷል» ይላል። ጓደኛዬ «ይሄማ የድሮ ቁጥር የተለጠፈበት አዲስ መኪና ነው» ብሎ ድርቅ አለ። እኔ ደግሞ ያው መኪና ነው ባይ ነኝ። እስኪ ፍረዱን።

መልስ፦ እኔ ወደ አንተ አደላለሁ። ግን ገና እልል አትበል፣ ማስታወቂያው ዋናውን ነገር ዘሎታል።

መጀመሪያ ሞተሩን እናንሳ። ለቤት መኪና ሞተሩና ሻንሲው ከፋብሪካ አብረው መውጣታቸው ትልቅ ነገር ነው። ለእሽቅድምድም መኪና ግን እንደዚያ አይደለም። ሌማን ፈረንሳይ ውስጥ ከ1923 ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የሚካሄድ ውድድር ነው፤ ሾፌሮቹ እየተፈራረቁ መኪናው ግን 24 ሰዓት ሙሉ፣ ቀን በፀሐይ ሌሊት በጭጋግ፣ ሲነዳ ውሎ ያድራል። ሞተሩ ከዚያ ሲወጣ ደክሞ ነው የሚወጣው። ቡድኑ አውርዶ ይፈታዋል፣ ለሚቀጥለው ውድድር ሌላ ይገጥማል። ስለዚህ «ሞተሩ ተቀይሯል» ሲሉህ አትደንግጥ። ይልቅ ፈጽሞ አልተቀየረም የሚልህን ሻጭ ነው ደጋግመህ የምትጠይቀው።

ታዲያ ያው መኪና የሚያሰኘው ምኑ ነው? ይሄ የእናንተ ክርክር እንግሊዝ አገር ፍርድ ቤት ድረስ ሄዷል። «ኦልድ ነምበር ዋን» የሚባል ቤንትሌይ ስፒድ ሲክስ አለ። በ1929 እና በ1930 ሌማንን ያሸነፈ መኪና ነው። ከዚያ በኋላ ግን አላረፈም። ክፍሎቹ አንድ በአንድ ተቀያየሩ፣ ትልቅ የ8 ሊትር ሞተር ገባለት፣ በ1932 ብሩክላንድስ በሚባል የእሽቅድምድም ትራክ ላይ ከመንገዱ ወጥቶ ሾፌሩ ክላይቭ ደንፊ ሞተ፣ መኪናው እንደገና ተሠራ። ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ ገዢ በ10 ሚሊዮን ፓውንድ ሊገዛው ተስማማና «ይሄ እኮ እውነተኛው አይደለም» ብሎ ወደ ኋላ አለ። ተካሰሱና ነገሩ ዳኛ ፊት ደረሰ። እውነትም ከ1929ኙ መኪና የቀሩት ዕቃዎች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ።

ዳኛው በ1990 ለሻጩ ፈረዱ። መኪናው እንደተሠራ የቆየ ነው ሊባል አይችልም፣ ግን እውነተኛው ኦልድ ነምበር ዋን እሱ ነው አሉ። ምክንያቱም አንድም ቀን ጠፍቶ አያውቅም። ዕቃው እየተቀየረ፣ እሱ ግን ከአንዱ ወደ ሌላው እየተሸጋገረ እንደ አንድ መኪና ኖሯል።

እኔ ይሄን ፍርድ እወደዋለሁ። ዋናው የታሪኩ አለመበጠስ ነው። ማስታወቂያው ላይ የጎደለውም እሱ ነው፤ ሻጩን «ከመጨረሻው ውድድር እስከ ዛሬ መኪናው በየዓመቱ የት ነበር? በማን እጅ?» ብለህ ጠይቀው። «ለተወሰነ ጊዜ ጋራዥ ቆሞ ነበር» የሚል መልስ ከሰጠህ ዓመቱን ይንገርህ፣ ፎቶ ያሳይህ፣ የሽያጭ ውሉን ያውጣ። አስራ አምስት ዓመት ክፍተት ያለበት መኪና ላይ የእኔ እጅ አይዘረጋም።

ክፍተቱ ለምን ያስፈራል? አንድ የውድድር መኪና ሲጋጭ ቡድኑ የተጣመመውን ሻንሲ ይጥልና ቁጥሩን አዲስ ሻንሲ ላይ ይመታዋል። የተጣለውን ደግሞ ከዓመታት በኋላ አንድ ሰው ያነሳዋል፣ ያቃናዋል፣ መኪና ይሠራበታል። አሁን አንድ ቁጥር፣ ሁለት መኪና። ሁለቱም ባለቤቶች የሚያወሩት እውነት የሚመስል ታሪክ አላቸው፣ ከዚያ ወዲያ ጠበቃ ነው።

ቁጥሩን ብቻ አትይ። ቁጥር የተመታባት ሳህን በአራት ሪቬት የተያዘች ቁራጭ ላሜራ ናት፣ ነቅሎ ሌላ ላይ መምታት የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ቀዳዳ ፈልግ። ሌማን ላይ የሮጡ መኪኖች የበር ቁጥራቸው በጨለማ ለሰዓት መዝጋቢዎቹ እንዲታይ ከላዩ ትንሽ አምፖል ይደረግላቸው ነበር። የዘይትና የውሃ ክዳኖቻቸው ደግሞ ያለፈቃድ እንዳይከፈቱ በሽቦና በእርሳስ ማኅተም ይታሸጉ ነበር። አምፖሉም ማኅተሙም ቀዳዳ ይፈልጋሉ። ባትሪህን ያዝና ከላሜራው በውስጥ በኩል እይ፦ ተበይዶ የተሞላ ክብ ጠባሳ ካገኘህ፣ ቦታውም የዘመኑ ፎቶ ላይ አምፖሉ ካለበት ጋር ከገጠመ፣ ይሄ ላሜራ በዚያች ሌሊት እዚያ ለመኖሩ ጥሩ ምልክት ነው። ያንተ ማስታወቂያ ቦዲው እንደገና ተሠርቷል ስለሚል አሮጌውን ላሜራ የት እንዳደረሱት ጠይቅ። ጥለነዋል ካሉ ልቤ ይሰበራል። መጣል አልነበረበትም፣ ቢሰባበርም ከመኪናው ጋር መሸጥ ነበረበት።

ጥያቄ፦ 24 ሰዓት የተቀጠቀጠ መኪና ከአዲስ መኪና በላይ እንዴት ይወደዳል? ሰው ምን ነክቶታል?

መልስ፦ ምንም አልነካውም። ጃጓር በ1950ዎቹ ዲ ታይፕ የሚባለውን መኪና 100 ሊሠራ አቅዶ 75 ብቻ ጨረሰ። በ2018 ደግሞ የቀሩትን 25 በድሮው አሠራር እንደሚሠራ አስታወቀ። ያው ቅርጽ፣ ያው ሞተር፣ ያው ድምፅ። ዋጋው ግን በ1956 ሌማንን ካሸነፈው ዲ ታይፕ ጋር አይቀራረብም። ያኛው በ2016 በጨረታ 21.78 ሚሊዮን ዶላር ነው የወጣው። በ1965 ያሸነፈው ፌራሪ 250 ኤልኤም ደግሞ በ2025 ፓሪስ ላይ ከ34 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ተሸጧል።

ለምን እንደሆነ የ1969ኙን ውድድር አስብ። ጃኪ ኢክስ በፎርድ ጂቲ40፣ ሃንስ ሄርማን በፖርሽ 908። 24 ሰዓት ተነድቶ፣ በመጨረሻው ሰዓት እየተቀዳደሙ፣ መስመሩ ላይ ሲደርሱ ልዩነታቸው ወደ 120 ሜትር ብቻ ነበር! ያቺ ያሸነፈች የኢክስ ፎርድ ደግሞ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት፣ በ1968፣ ያሸነፈችው ራሷ ናት፣ ሻንሲዋ 1075። ሰው የሚገዛው ያንን ነው። ሌላ ፎርድ ያንን ቀን አልዋለም።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ እንዲህ ያለ መኪና ሊገዛ ነው። «ከገዛሁት በኋላ ምን ወጪ አለው፣ ቁጭ ነው የሚለው» ይለኛል። እውነቱን ነው?

መልስ፦ አይደለም እህቴ። ቁጭ ያለ የውድድር መኪና ይበላሻል። ላስቲኩ ይደርቃል፣ የፍሬን ዘይቱ ውሃ ይስባል፣ ማግኒዥየም የሆነው ዕቃ ሁሉ እርጥበት ሲነካው ከውስጥ ይበላል። ማግኒዥየም ቀላል ስለሆነ ድሮ በየቦታው ይጠቀሙበት ነበር። በ1971 ሌማንን ያሸነፈው ፖርሽ 917 ሻንሲው ራሱ ማግኒዥየም ነው፣ 5,335 ኪሎ ሜትር ሮጦ እስከ 2010 የቆየ ሪከርድ ይዟል። ሌሎቹ 917ዎች ላይ ፖርሽ የሻንሲውን ቱቦዎች በጋዝ ይሞላቸው ነበር፤ ግፊቱ ከወረደ አንድ ቦታ ተሰንጥቋል ማለት ነው። መሐንዲሶቹ ራሳቸው ይሰነጠቃል ብለው የሚጠብቁትን ነገር ከ50 ዓመት በኋላ ሳይመረመር መንዳት በሕይወት መቀለድ ነው። መንኮራኩሩን፣ የመሪውን እጆች፣ የካምቢዮውን ቤት አስወርዶ ስንጥቅ በሚያሳየው ቀለም ያስመርምር።

ሊወዳደርበት ካሰበ፣ ለምሳሌ ከ2002 ጀምሮ በሚካሄደው ሌማን ክላሲክ ላይ፣ የዓለም አቀፉ የመኪና ስፖርት ፌዴሬሽን የቴክኒክ ሰነድ ያስፈልገዋል። ከመክፈሉ በፊት ሰነዱ አብሮ ይመጣ እንደሆነ ይጠይቅ። ከሁሉ በፊት ግን ከወንበሩ ጀርባ ወይም ከጎን ያለውን የነዳጅ ታንክ ይይ። በውስጡ ያለው የላስቲክ ከረጢት ላይ የተሠራበት ቀን ተጽፏል፣ የሚያገለግለው አምስት ዓመት ነው፣ ተመርምሮ ሁለት ይጨመርለታል። ብዙ ጊዜ ቆሞ የኖረ መኪና ላይ ቀኑ አልፎ ነው የሚገኘው። እሱ ሳይቀየር ሞተሩን እንዳያስነሳ።