የደራስያን ጥያቄና መልስ፦ የድሮው ጽሑፍ ስልክ ላይ ሲዘበራረቅ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ከብዙ ዓመት በፊት ኮምፒውተር ቤት ያስተየብኩት 140 ገጽ የአጫጭር ልቦለድ መድበል አለኝ። ቴሌግራም ላይ ላወጣው ብል ስልኬ ላይ የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ሆኖ ይከፈታል። ደግሞስ ፒዲኤፉን አንዴ ከለቀቅኩት ተባዝቶ አይቀርም?
ከጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ

መልስ፦ ፋይልዎ አልተበላሸም። የተተየበው ዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ኮድ የሚሰጥ ዓለም አቀፍ ሥርዓት) ባልሆነ ፎንት ነው። እንዲህ ያለው ፎንት የላቲኑን ኮድ በግዕዝ ቅርጽ ይሸፍነዋል፤ ፎንቱ የሌለው ስልክ ሽፋኑን ትቶ ኮዱን ያሳያል። ፎንቱን ቢጭኑ ለራስዎ ኮምፒውተር እንጂ ለአንባቢ ስልክ አይተርፍም። ወደ ዩኒኮድ ማስለወጥ ነው ያለው መንገድ።

ዋናውን ፋይል ሳይነኩ ቅጂውን ይያዙና በሁለት ገጽ ይሞክሩ። ጅማ ላይ የሚጻፍ ልቦለድ ደግሞ የራሱ ወጥመድ አለው፦ ገጸ ባሕርያትዎ በአፋን ኦሮሞ የሚነጋገሩባቸው የቁቤ (በላቲን ፊደል የተጻፉ) መስመሮች ካሉ፣ ፎንት የማይለየው መለወጫ ፕሮግራም እነሱንም የማይነበብ ግዕዝ ያደርጋቸዋል። አስቀድመው ቁጥር ሰጥተው ወደ ሌላ ፋይል ያውጧቸው፤ በኋላ ይመልሷቸዋል። ከተለወጠ በኋላ ቋ፣ ኳ፣ ጓን የመሳሰሉትን ዲቃላ ፊደላት ይፈትሹ። የድሮ ፎንት ከ256 በላይ ምልክት ስለማይዝ ብዙዎቹ ፊደሉን ለሁለት ፎንት ከፍለውት ነበር፤ ስሕተቱም እዚያ ይበዛል። ሁለት ጊዜ የተመታውን «፡፡» ደግሞ በወርድ መፈለጊያና መተኪያ ወደ «።» ይቀይሩት። ለዓይን አንድ ይመስላሉ፣ ለኮምፒውተር ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ፒዲኤፉን በኤ4 አያውጡት፤ አንባቢ ጣቱን ሲዘረጋ ሲያጥፍ ይሰለቻል። ኤ6 ገጽ (10.5 በ14.8 ሳንቲ ሜትር)፣ 12 ነጥብ ፊደልና 1 ሳንቲ ሜትር ኅዳግ ለስልክ ይስማማል። ኢፐብ የተባለው የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ፋይል ከዚህም ይሻላል፤ ጽሑፉ ራሱን ከስክሪኑ ስፋት ጋር ያስተካክላል። ጎግል ዶክስ ላይ ፋይል፣ ቀጥሎ ዳውንሎድ ሲሉ ከምርጫዎቹ አንዱ ነው።

ስለ መባዛቱ ስጋትዎ ልክ ነው፤ መቶ በመቶ የሚያስቆመው የለም። ሁለት ሦስቱን ታሪክ በጽሑፍ መልክ በነጻ ይልቀቁ፤ አንድ የቴሌግራም መልእክት 4096 ምልክት፣ ማለትም 700 ቃል ገደማ ይይዛል። ፎቶ ካያያዙበት ግን ቦታው ወደ 1024 ይወርዳል፤ ስለዚህ ሽፋኑን ለብቻው ይላኩ። በቻናሉ ማስተካከያ ውስጥ ማስቀመጥንና ማስተላለፍን የሚከለክለውን ምርጫ ያብሩ፤ በሌላ ስልክ ፎቶ ማንሳትን ግን አያግድም። ሙሉውን በቴሌብር ለከፈለ ብቻ ይላኩ፤ በእያንዳንዱ ገጽ ግርጌ የገዢው ተራ ቁጥር ይኑርበት። ፋይሉ ሲሾልክ ከየት እንደወጣ ይታወቃል። በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት መብትዎ የሚጀምረው ሥራው ሲፈጠር ነው፤ ምዝገባ ቅድመ ሁኔታ አይደለም።

ጥያቄ፦ የቻናሌን ስም «ፀሐይ» ልበለው «ጸሀይ»?
ከጅማ፣ ሄርማታ

መልስ፦ የወደዱትን። ለጆሮ አንድ ቢሆኑም በዩኒኮድ የተለያዩ ፊደላት ስለሆኑ አንዱን ጽፎ የፈለገ ሌላውን ላያገኝ ይችላል። የቻናሉን አድራሻ በላቲን አጭር አድርገው ይያዙ፤ መጽሐፉ ጀርባ ላይ የሚታተመውም እሱ ይሁን።